የቁጥር አራት ሆድ ዕቃ

ሰኞ፣ ሰኔ 6

ዛሬም አልመጣም። የኮሌጃችን ዲን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ… እሺ… ገባኝ» ሲል ቆየና ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን መጠጠ። ከኅዳር ጀምሮ ይላካል ሲባል የነበረው የወርክሾፕ ፓወር ሰፕላይ በዚህ በጀት ዓመት አይመጣም። በሚቀጥለው ይታያል አሉ። እነሱ ምን አለባቸው። ምዘናው ዓርብ ነው።

አሥራ አንድ ሠልጣኞች አሉኝ። እያንዳንዳቸው መዛኝ ፊት አንድ ሰርኪት ሠርተው፣ አሥራ ሁለት ወይም አምስት ቮልት ሰጥተው፣ በቴስተር ለክተው ማሳየት አለባቸው። ያንን ቮልት ሳይዋዥቅ የሚሰጥ ነገር ግን የለንም። ዓምና ስምንት የባትሪ ድንጋይ በፕላስተር አስረን ሞከርን። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ደከመ፣ ልኬቱ ወረደ፣ መጨረሻ የገቡት ሦስቱ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተባሉ። ጥፋታቸው ተራቸው መዘግየቱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ትተውት ሄዱ። ውባለም ብቻ ተመልሳ ዓመቱን ሙሉ ከሀ ጀመረች። አገሯ ከቤተ ልሔም፣ ከድጓው ትምህርት ቤት ወዲያ ነው፤ እዚህ ቤት ተከራይታ ስንቋን በየሳምንቱ ተሸክማ ትመጣለች። ዘንድሮ ዓይኗን ማየት እፈራለሁ።

ከሰዓት ስቶር ሄድኩ። እዚያ ስድስት የሞቱ ኮምፒውተሮች አሉ። ሰው ሁሉ ሣጥኑን «ሲፒዩ» ነው የሚለው፤ ማረም ስለደከመኝ እኔም እንደዚያው እላለሁ። በየሲፒዩው ሆድ ውስጥ አንዲት የብረት ሣጥን አለች፤ የግድግዳውን መብራት ተቀብላ አሥራ ሁለትም አምስትም ቮልት የምታወጣ ፓወር ሰፕላይ። ኮምፒውተሩ ቢሞትም እሷ ብዙ ጊዜ አትሞትም። ከኅዳር ጀምሮ የምንጠብቀው ነገር ስቶራችን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ግን ደግሞ ጋሽ ተገኘ አሉ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ። በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። የፊታችን ሰኞ ርክክብ አለባቸው፤ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መጥቶ ዕቃውን ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። «አንድ ነገር ቢጎድል ክሊራንስ የለኝም። ክሊራንስ ከሌለኝ ጡረታዬ አይከበርም። አንች ደግሞ ከነሆድ ዕቃዋ የተመዘገበችውን ክፈቱልኝ ትያለሽ» አሉኝ። ሰላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ማንኪያ አልጠፋባቸውም። እምቢ አሉ። አልፈረድኩባቸውም፣ ግን ተናደድኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ጠዋት ውባለምን ይዤ ተመለስኩ። እንድትናገር አይደለም፣ እንድትቆም ብቻ። ብልጠት መሆኑን አውቃለሁ፣ አፈርኩበትም። ግን ሠራ። ጋሽ ተገኘ አዩዋት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ዓምና ደጃፉ ላይ ያለቀስሽው አንች ነሽ?» አሏት። «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። ቁልፉን አነሱ።

ያስቀመጡልኝ ግዴታ፦

ከስድስቱ ቁጥር አራት ብቻ ትከፈታለች፣ ሌላ አይነካም።
ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ትመለሳለች።
ብሎኖቹ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣሉ።
ሽቦ አይቆረጥም። አንድም።

«ሚካኤልን፣ አልቆርጥም» አልኩ። ማይልኝ ያለኝ የለም፣ አፌ ነው የቀደመኝ።

አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ስፈታ አጠገቤ ቆመው አንድ በአንድ በመዳፋቸው ተቀበሉኝ። የደብተር ወረቀት ቀደው ጠቀለሏቸውና «የቁጥር 4 ብሎኖች፣ 4» ብለው ጽፈው ኮት ኪሳቸው ከተቱ። የወጪ ደረሰኝ አልጻፉልኝም። ከጻፉ ሰኞ ይጠየቁበታል። በቃል ብቻ ሰጡኝ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ በቃል የሰጡት ይኸ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሣጥኗ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር፤ የገብስ ገለባ፣ ጥጥ፣ የተበጣጠሰ ቃለ ጉባኤ። አራግፌ በብሩሽ ጠረግኳት። ከዚያ ልሞክራት ብል መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ አልመጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርክሾፑን ዘግቼ ወጣሁ። ምንም ሳልሠራ ወገቤ ተቆርጧል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

መብራት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሮጥኩ።

ይቺ ነገር አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ካልተገናኘ አትነሳም፤ ኮምፒውተሩ «ተነሺ» የሚላት በዚያ ነው። ሳልቆርጥ፣ የወረቀት ማያያዣ አጥፌ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ ሻጥኩ። ማራገቢያዋ ግማሽ ዙር ዞራ ቆመች። እንደገና ሞከርኩ። ግማሽ ዙር። ሞታለች ብዬ ቁጭ አልኩ።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያኔ የመጣልኝ ልጄ ጋ መደወል ነበር። ደብረ ታቦር እናቴ ዘንድ ናት፣ አራት ዓመቷ። የዝውውር ማመልከቻዬ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ። «ዝናብ ሲጀምር» አልኳት። ይኸው ትናንት ጀምሯል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። እነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ሸክም ካልተጫነባቸው አይሠሩም። ቀዩ ሽቦ፣ አምስት ቮልቱ ላይ፣ ትንሽ ኃይል የሚበላ ነገር መታሰር አለበት። ለዚያ የሚሆን ሬዚስተር የለንም። በግቢው ማዶ ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ሰውዬ የፍሬን መብራት አምፖል ሰጠኝ። አሰርኩት። አምፖሉ እንደ ፍም ቀላ። ማራገቢያዋ ዞረች፣ ዞረች፣ አልቆመችም። ቢጫው አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ቀዩ አምስት። ብርቱካንማው ሦስት ነጥብ ሦስት። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ሸክም ካልጫኑበት የማይሠራ ዕቃ ነው ብዬ ለመምህራኑ ብነግራቸው፣ ስለኛ ነው የምታወሪው ይሉኛል።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ሁሉም ሽቦ በማያያዣና በሚስማር ነው መሰኪያው ውስጥ የቆመው። ክርን ሲነካው ይወልቃል። ነገ ልጆቹን አስለምዳለሁ፣ በቀስታ ይሥሩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ቆረጥኩት።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ጠዋት አሥራ አንዱንም በተራ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ገና ወንበር ሲስብ ማያያዣው ወለቀ። ሁለተኛዋ ስትለካ ቢጫው ጥቁሩን ነካ፣ ብልጭ አለ፣ ሣጥኗ ጠፋች። ነቅለን ትንሽ ቆይተን ስንሰካት ተነሳች። አራተኛው ላይ ደግሞ እንዲሁ። ስምንተኛዋ ውባለም ነበረች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቴስተሩን አስጠጋች፣ ጠፋ። «የእኔ ነገር እንዲህ ነው፣ መምህርት» አለችና ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ ናት ያስቆረጠችኝ።

ለምሳ ሲወጡ ፒንሳዬን አነሳሁ። ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ነገ ይመዘናሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሃያውንም ሽቦ መልሼ በሊድ እበይዳለሁ፣ በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ጋሽ ተገኘም አያውቁ። ሃያ ሽቦ ነው። ቆጥሬ ነው የቆረጥኩት። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ አልኩ፣ እየቆረጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲኑ መጣ። መዛኞቹ ደውለዋል። መንገዱን ዝናብ አበላሽቶታል፣ ነገ አይደርሱም። ማክሰኞ ነው የሚመጡት።

ማክሰኞ! ርክክቡ ሰኞ ነው። ሰኞ ከተቆጠረ በኋላ ስቶሩ ይታሸጋል፤ አዲስ ኃላፊ እስኪመደብ አይከፈትም። ቅዳሜ ከመለስኳት ማክሰኞ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ካልመለስኳት ጋሽ ተገኘ ይጎድልባቸዋል። ቁጭ ብዬ አወጣሁ፣ አወረድኩ፣ መውጫ የለውም።

ራሴን ያመኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልተኛ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ገበያ ነው። ከተማው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሽቦው አንዴ ተቆርጧል፣ ቢያንስ በቅጡ ልሥራው ብዬ ወጣሁ። አሮጌ ብረታ ብረት ዘርግቶ ከሚሸጠው ሰውዬ ስድስት የናስ ብሎን ከነዳዷቸው መረጥኩ። «ለምን ይሆንሻል እቴ?» አለኝ። «መብራት ላስርበት» ስለው ሳቀ። ከእንጨት ሥራ ክፍል ደግሞ አንድ የጥድ ጣውላ ለመንኩ።

ስመለስ እህል ተራው ላይ ጋሽ ተገኘን አገኘሁ። የሰኔን ጾም ይዘዋል፣ ምስር ሊገዙ ነው። «ዕቃችን እንዴት ናት?» አሉኝ። «ደኅና ናት፣ ጋሼ።» ምላሴ እንዴት ታዘዘልኝ! «ምዘናውስ?» ማክሰኞ መዛወሩን ነገርኳቸው። ምስሩን በመዳፋቸው እንደያዙ በሌላው እጃቸው ጣት አጠፉ። ቀኑን እየቆጠሩ እንደነበር ገባኝ። «ቅዳሜ ግን ነገ ነው» አሉ። «አዎ ጋሼ።» «ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው ምስሩን መልሰው ጆንያው ላይ አፈሰሱት። ሳይገዙ ሄዱ።

ከሰዓት ሠራሁት። ቢጫዎቹን አንድ ላይ ገምጄ በአንዱ ብሎን፣ ቀዮቹን በአንዱ፣ ብርቱካንማዎቹን በአንዱ፣ ጥቁሮቹን በሦስቱ። አረንጓዴው ላይ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ አደረግኩለት። አምፖሉን ከጎን አሰርኩት። በየብሎኑ ሥር በቀለም ቁጥሩን ጻፍኩ። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት፣ አልጠፋችም። ጎተትኳት፣ አልጠፋችም። የዘበኛውን ሬዲዮ አምጥቼ አገናኘሁ፣ ዜና አነበበች። እጄ ሠርቶት የማያውቅ ቆንጆ ሥራ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጡ። የብሎኖቹን ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ጣውላዋ ላይ ተቀምጣ አዩዋት። ከዚያ ጥግ ላይ የተቆረጠውን መሰኪያ አዩ፣ ሃያ ጭራ ያለው። አነሱት። «ይኸ ምንድን ነው?»

ፒንሳዬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

«ሚካኤልን ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አሁኑኑ እቀጥለዋለሁ፣ ይውሰዷት፣ ሰኞ ሙሉ ትሁንልዎ፣ ልጆቹ እንደ ዓምናው በባትሪ ድንጋይ ይሞክሩ አልኳቸው። ይኸን ስል ውባለም በሩ ላይ ቆማለች። ልምምድ ልትሠራ መጥታ ነው። ሰምታለች።

ጋሽ ተገኘ ዞረው አዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው 12 የተጻፈበትን ብሎን ነካ አደረጉ።

«አይነዝርም?»

«አይነዝርም ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ብቻ ነው።»

«ይች ልጅ በዚህ ነው የምትመዘነው?»

«በዚህ ነው።»

መሰኪያውን ከብሎኖቹ ጋር ኪሳቸው ከተቱት። «ትቀመጥ» ብለው ወጡ። ሰኞ ለኮሚቴው ምን ሊሉ ነው? አልነገሩኝም። ለዲኑ ስነግረው «የሞተ ኮምፒውተር ማን ይከፍታል፣ አታካብጂው» አለኝ። ቀላል ነው ለሱ።

እሁድ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። ከሁሉ ቀን ዛሬ መሆኑ። በስሙ ምዬ በአምስተኛው ቀን ክብረ በዓሉ ላይ መቆም። ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ሆኜ ነው የተሳለምኩት፣ ቅጥሩ ውስጥ መግባት ከበደኝ።

ታቦቱ ገብቶ ሰው ሲበተን የጋሽ ተገኘ ባለቤት እማማ ጥሩዬ አገኙኝ። ምንም አያውቁም። እንደ ወትሮው ሳሙኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ ስለ ቤታቸው አወሩኝ። ትንሹ መጃቸው ጠፍቶባቸዋል፣ ምስር የሚከኩበት። «ሰው መጅ ይሰርቃል? ዘመኑ እኮ!» አሉኝ። ከጎረቤት ተውሰው ነው የሚከኩት። ጆሮዬን ሰጠሁ እንጂ ልቤ አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ለርክክብ ኮሚቴው። የቁጥር 4 ሲፒዩ ፓወር ሰፕላይ የወጣውም ሽቦው የተቆረጠውም በእኔ ነው። አቶ ተገኘ ሽቦ እንዳይቆረጥ አስጠንቅቀውኛል።» ፈረምኩበት። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ዝውውሬ ከዚህ ወዲያ እንደማይታሰብ አውቃለሁ። ነገ እሰጣለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 13

አልሰጠሁም።

ሦስቱ መጡ። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ወንበር ቆጠሩ፣ መዶሻ ቆጠሩ፣ አካፋ ቆጠሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ በላብ ርሷል። ኮምፒውተሮቹ ጋ ሲደርሱ ይከፈቱ የሚል የለም። ለካ ከሦስቱ ማንም ካቻቢቴ ይዞ አልመጣም። አቶ ደምሴ በሁለት እጃቸው አንድ በአንድ ከመሬት ብድግ እያደረጉ፣ «ከባድ ነው፣ ሆድ ዕቃው አለ» ይላሉ፣ ጸሐፊው ምልክት ያደርጋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደዚህ ነው የሚቆጠረው!

አራት። አቶ ደምሴ አነሱት። «ይኸ ደግሞ ከሌሎቹም ይብሳል» አሉና አስቀመጡት። «አለ።» ምልክት።

ጋሽ ተገኘን አየሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ በሩ ታሸገ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ተገኘ አጠገቤ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የቤቴን መጅ ነው፣ በጆንያ ጠቅልዬ። አንች ዝም በይ፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው» አሉኝ። ሰላሳ ዓመት ማንኪያ ያልጠፋባቸው ሰው! እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኳቸው። ደብዳቤውን አልቀደድኩትም፣ አልሰጠሁትምም። ፈሪ ነኝ። ራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14

ብዙ ነገር ሆነ። በቅደም ተከተል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዛኞቹ ደረሱ፣ ሁለት ናቸው። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ ግን ደረቅ። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ይዛ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ዞረች። ከኔ ሥራ ፊት ቆመች። ዞር ብላ ከኋላ አየችው፣ ከጎን አየችው። ትወቅሰኝ ይሆን ስል «ጥሩ አሠራር ነው» አለች። ልቤ ሞቀ። «የንብረት ቁጥሩስ?» አለች ቀጥላ። ቁጥር የሌለው መሣሪያ ለምዘና አይፈቀድም፤ የግል ዕቃ ነው ይባላል። እስከ ስድስት ሰዓት ሰጠችኝ።

ጋሽ ተገኘ ከታሸገው በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፣ መዝገቡ ጉልበታቸው ላይ። ነገርኳቸው። ገለጡት። ስም፣ ብዛት፣ «ከየት እንደመጣ» የሚል ዓምድ። ብዕራቸው እዚያ ዓምድ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስጦታ ይበሉት» አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

«ማን ሰጠን ልበል?» አሉኝ። «ትናንት ስለዚያች ልጅ ብዬ ዋሸሁ። ዛሬ ደግሞ በእጄ ጽሑፍ ልዋሽ ነው። ከዚያስ? ልጄ፣ እኔ ለዚህ የሚሆን ዕድሜ አልቀረኝም።» መዝገቡን ዘግተው ተነሱ። ወደ አቶ ደምሴ ቢሮ ሄዱ፣ በዚያ ዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ።

ልጆቹ ወርክሾፕ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ውባለም ጥፍሯን ትበላለች። መዛኟ ሰዓቷን ታያለች። አምስት ሰዓት አለፈ።

ሦስቱም የኮሚቴ ሰዎች ከጋሽ ተገኘ ጋር መጡ። ማሸጊያው ተቀደደ። ቁጥር አራት ተከፈተ። ጆንያው ተፈታ። መጁ ወጣ። ማንም አልሳቀም። አቶ ደምሴ መጁን እያገላበጡ «ትናንት ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እንግዲያ የፈረምኩት ለመጅ ነዋ።» ሳቂታው ሰውዬ ፊታቸው ደም መሰለ። ያኔ ደብዳቤዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ተጣጥፎ ሊበጠስ ደርሷል። ቆመው አነበቡ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ ተገኘን አዩ። ወርክሾፕ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ማብሪያውን ጫን አደረግኩት፣ ማራገቢያዋ ዞረች፣ አምፖሉ ቀላ። «ይኸ ከዚያ ሣጥን የወጣ ነው?» አሉ። ልጆቹን ቆጠሯቸው።

እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። «ከቁጥር 4 ሲፒዩ ወጥቶ ለሥልጠና አገልግሎት የተለወጠ ፓወር ሰፕላይ፣ ብዛት አንድ። የንብረት ቁጥር 4/ለ።» የጋሽ ተገኘን ክሊራንስ ግን አቶ ደምሴ አልፈረሙም። «ነገ ቢሮ ይምጡ፣ እናንተም እኛም የምንባለውን እንሰማለን» ብለው ሄዱ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ 4/ለ ብዬ በቀለም ጻፍኩባት። ገና ሳይደርቅ ምዘናው ተጀመረ። በዕጣ ነው የገቡት፣ ውባለም አሥራ አንደኛ ወጣላት። አመዷ ቡን አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። በመስኮቱ አየኋት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። የመጀመሪያው ልጅ ወረቀት ላይ 12.1 ይላል። የእሷም ላይ 12.1 ይላል። ውጤቱ ወዲያው አይነገርም፤ ለእኔ ግን ይኸው ነው ውጤቱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋሽ ተገኘ ዝናቡ ውስጥ ሲሄዱ ነው ዓይኔ ላይ ያለው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 15

ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። ውጪ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ እሳቸው ተጠሩ፣ ከዚያ እኔ።

ክሊራንሱ ተፈረመ። ጡረታቸው አይነካም። ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ ለእኔም እንዲሁ። የእኔ ምንም አይደል፣ ማኅደሬ ድሮም ንጹሕ አይደለም። የእሳቸው ግን ሰላሳ ዓመት አንድ ክፉ ወረቀት ያልገባበት ማኅደር ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ገባበት። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «እውነት ነው የተጻፈው፣ ምን ይደረግ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ጥሩዬ ናት የከበደችኝ። መጁን የት አገኘኸው ስትለኝ ምን ልበላት?» አሉና ሳቁ። በዚህ ሳምንት ሲስቁ ያየኋቸው አሁን ነው።

ከሰዓት መዝገቡን ይዘው ወርክሾፕ መጡ። 4/ለ የሚለው መስመር በራሳቸው ጽሕፈት ሰፍሯል። «ከየት እንደመጣ» በሚለው ሥር «ከቁጥር 4 ሆድ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ተረካቢ» የሚል ክፍት ቦታ። ብዕሩን ዘረጉልኝ። «አሁን በአንች እጅ ናት» አሉኝ። ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ዝውውሬ የመጣ ቀን ይቺን ሣጥን ሳላስረክብ ከዚህ መውጣት የለም። ደክሞኝ ስለነበር ሳቅኩ።

መጁን በጆንያው ታቅፈው ሲወጡ ተመለሱና ከኮት ኪሳቸው ያቺን የደብተር ወረቀት አወጡ። «እሷን ጣውላው ላይ አጥብቂበት፣ ለኔ ምን ይሠሩልኛል» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

ወረቀቱን ፈታሁት። ሳላስበው ብሎኖቹን ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው።